አንጎል እንቅልፍንና ንቃትን እንዴት ይቆጣጠራል?

የሰው ልጅ ከዕድሜው አንድ ሦስተኛ ያህሉን የሚያሳልፈው በእንቅልፍ ነው። ስድሳ ዓመት የኖረ ሰው ሃያ ዓመት ያህል ተኝቷል ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን የሚወስደው ነገር ምን እንደሆነ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቁ ኖረዋል። ብዙዎቹ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ሲሰጡት የቆዩት መልስ ግን ቀላል ነበር፤ ይኸውም ዘይቱ ያለቀ ፋኖስ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ቀን ሲሠራ የዋለ አንጎልም ሲመሽ ይደክማል፤ ደክሞም ሥራውን ያቆማል የሚል ነው። በመሆኑም እንቅልፍ የንቃት መጥፋት እንጂ ራሱን የቻለ ሥራ አይደለም ተብሎ ይታመን ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ትክክል እንዳልሆነ ዛሬ ታውቋል። ከፋኖሱ ይልቅ ለእንቅልፍ የሚቀርበው ምሳሌ ማታ ማታ በየምድጃው የሚዳፈነው እሳት ነው። የተዳፈነ እሳት የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም። ማታ ሆን ብሎ አመድ ያለበሰው እጅ አለ፤ ጧትም አመዱን ገልጦ የሚያቀጣጥለው እጅ አለ። በአንጎል ውስጥም እንደዚሁ የሚያዳፍኑና የሚገልጡ ክፍሎች ይገኛሉ። እነዚህ ክፍሎች የት እንዳሉና ሥራቸውን እንዴት እንደሚያከናውኑ የታወቀው ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በፈጀ ምርምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የምርምሩ ዋነኛ መነሻ አንድ አስከፊ በሽታ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ በ1916 መጨረሻና በ1917 መጀመሪያ ላይ፣ በቪየና ከተማ በሚገኝ የአእምሮና የነርቭ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ የሆኑ ሕሙማን መታየት ጀመሩ። ሕሙማኑ ትኩሳትና ራስ ምታት ከተሰማቸው በኋላ ከባድ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ምግብ እያኘኩ፣ አንዳንዶቹም ቆመው ሳለ ያንቀላፋሉ። ሲቀሰቅሷቸው ዓይናቸውን ገልጠው ለሚጠየቁት ነገር አጥርተው ይመልሳሉ፤ ለብቻቸው ሲተዉ ግን ወዲያው ተመልሰው ይተኛሉ። ይህም ሁኔታ በአንዳንዶቹ ላይ ለሳምንታት፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ ለወራት ይቆይ ነበር። ከዚያ እንቅልፍ ሳይነቁ የሞቱትም ብዙዎች ናቸው።

ከክሊኒኩ ሐኪሞች አንዱ የነበረው ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ ሕሙማኑን በቅርብ ይከታተል ነበር። ኤኮኖሞ ወላጆቹ ግሪኮች ሲሆኑ የተወለደው በሩማኒያ፣ ያደገው በትሪየስት ነው፤ ከሕክምናው ሌላ አውሮፕላን በማብረርም የታወቀ ሰው ነበር። በ1917 ስለ በሽታው የመጀመሪያውን ጽሑፍ አውጥቶ ስም ከሰጠው በኋላ አንድ ሌላ ነገር አስተዋለ። በዚያው በሽታ ከተያዙት ሰዎች መካከል የተወሰኑት የሚሠቃዩት በእንቅልፍ ብዛት ሳይሆን በእንቅልፍ ማጣት ነበር። እነዚህኞቹ አካላቸው እየዛለ፣ ዓይናቸው ግን እንደ ፈጠጠ ሌሊቱን ያነጋሉ።

አንድ በሽታ እንዴት ሁለት ተቃራኒ ምልክቶችን ሊያመጣ ይችላል? ኤኮኖሞ መልሱን የፈለገው በሞቱት ሕሙማን አንጎል ውስጥ ነው። አንጎላቸውን በስሱ እየቆረጠ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር፣ ጉዳቱ የደረሰው በአንጎል ሥር በምትገኘው፣ ሃይፖታላመስ በምትባለው ትንሽ ክፍልና በአካባቢዋ ሆኖ አገኘው። በእንቅልፍ ብዛት ይሠቃዩ በነበሩት ሰዎች ላይ ቁስሉ የታየው ከሃይፖታላመስ በስተኋላ፣ ከመካከለኛው አንጎል ጋር በምትገናኝበት ሥፍራ ነው። እንቅልፍ አጥተው በነበሩት ላይ ግን ቁስሉ በፊተኛው ክፍሏ ላይ ነበር። ኤኮኖሞም ከዚህ ተነሥቶ የኋለኛው ክፍል ሰውን የሚያነቃ፣ የፊተኛው ደግሞ የሚያስተኛ መሆን አለበት ሲል ደመደመ።

ሃይፖታላመስ ክብደቷ 4 ግራም ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ክፍል የሰውን ሙሉ ንቃት በእጇ ትይዛለች ብሎ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ሐሳቡ በሌሎች ዘዴዎች የተረጋገጠው ኤኮኖሞ በ1931 ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢሆንም፣ በሬሳ ላይ የታየ ጠባሳን ብቻ ተከትሎ ይህን ያህል ከእውነት የቀረበ ሐኪም ብዙ አይገኝም።

በዚህ መካከል ሌላ መሣሪያ ተገኘ። ሐንስ ቤርገር የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም በራስ ቆዳ ላይ ሽቦ በማኖር የአንጎልን ኤሌክትሪክ መመዝገብ እንደሚቻል በ1929 አስታወቀ። ነቅቶ፣ ነገር ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያረፈ ሰው ሞገድ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ይመላለሳል። ከባድ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሞገድ ግን ዝግ ያለና ከፍ ያለ ሲሆን በሰከንድ ከ4 ጊዜ ያነሰ ነው። ስለዚህ የተመራማሪው ሥራ የተኛውን ሰው ትንፋሽ ከማዳመጥ አልፎ እንቅልፉን በወረቀት ላይ ወደ ማንበብ ተሸጋገረ።

በ1949 ጁሴፔ ሞሩዚ የተባለ ጣሊያናዊና ሆራስ ማጎን የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ መሣሪያ በመጠቀም አንድ ሙከራ አደረጉ። በማደንዘዣ በተኛች ድመት የአንጎል ግንድ መካከል፣ እንደ መረብ የተጠላለፈውን የነርቭ ክፍል በደካማ ኤሌክትሪክ ሲነኩት፣ የድመቷ የአንጎል ሞገድ ወዲያውኑ ከእንቅልፍ ወደ ንቃት መልክ ተለወጠ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሰውን ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ከዓይን፣ ከጆሮና ከቆዳ የሚመጣው ስሜት ብቻ ነው የሚሉ ነበሩ። ከዚህ ሙከራ በኋላ ግን አንጎል የራሱ የሆነ ቀስቃሽ እንዳለው ግልጽ ሆነ።

ቀስቃሹ አንድ ብቻ አይደለም። በአንጎል ግንድና በሃይፖታላመስ የኋላ ክፍል ውስጥ በየሥፍራው የተሰባሰቡ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ አንዱ ስብስብ ኖርአድሬናሊን፣ ሌላው ሴሮቶኒን፣ ሌላውም ሂስታሚን እያመነጨ ወደ ላይኛው አንጎል ይረጫል። የሂስታሚኑን ሥራ ብዙ ሰው ሳያውቀው በራሱ ላይ ሞክሮታል። ለጉንፋንና ለቆዳ ማሳከክ የሚሰጡ አንዳንድ የቆዩ ክኒኖች እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኙት፣ ሂስታሚንን በአፍንጫና በቆዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በአንጎል ውስጥም ስለሚከለክሉት ነው።

ኤኮኖሞ የጠቆመው የፊተኛው የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ በ1996 በአይጦች አንጎል ውስጥ ተለይቶ ታወቀ። እነዚህ ሕዋሳት የሚሠሩት እንስሳው ሲተኛ ነው፤ ሥራቸውም ጋባ የተባለውን ኬሚካል ወደ ቀስቃሾቹ እየላኩ ጸጥ ማሰኘት ነው። ቀስቃሾቹም በበኩላቸው ባየሉ ጊዜ የእንቅልፍ ሕዋሳቱን ጸጥ ያሰኟቸዋል። አንዱ ወገን በበረታ ቁጥር ሌላው ይደክማል፤ ሌላው በደከመ ቁጥር የመጀመሪያው ይበልጥ ይበረታል። ከዚህም የተነሣ አንጎል በሁለቱ መካከል ሲዋልል አይቆይም። በር በመወርወሪያ ሲዘጋ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ አልተዘጋም እንደሚባለው፣ ሰውም ወይ ነቅቷል ወይ ተኝቷል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አራዊት በሞሉበት ሜዳ ግማሽ ነቅቶ ግማሽ ተኝቶ የሚሄድ እንስሳ ዕድሜ አይኖረውም።

ይሁን እንጂ በትንሹ የሚገፋ መወርወሪያ አስቸጋሪ ነው። ነፋስ በነካው ቁጥር እንዳይንሸራተት የሚደግፈው ነገር ያሻዋል። ይህ ድጋፍ የታወቀው በ1998 ሲሆን፣ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በየፊናቸው አንድን ኬሚካል አግኝተው አንደኛው ኦሬክሲን፣ ሁለተኛው ሃይፖክሬቲን ብለው ሰየሙት። በሰው አንጎል ውስጥ ካሉት በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት መካከል ይህን ኬሚካል የሚሠሩት 70,000 ያህል ብቻ ናቸው። ጥቂቶች ሲሆኑ ቀስቃሾቹን ሁሉ እየደገፉ ንቃትን ያጸናሉ።

እነዚህ ሕዋሳት ሲጠፉ የሚደርሰውን ጉዳት ናርኮሌፕሲ በተባለው በሽታ ላይ እናያለን። በሽታው ያለበት ሰው በጨዋታ መካከል፣ በምግብ ላይ፣ በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። ከልቡ ሲስቅም ጉልበቱ ከድቶት ሊወድቅ ይችላል። በ2000 በዚህ በሽታ ይሠቃዩ የነበሩ ሰዎች አንጎል ከሞቱ በኋላ ሲመረመር ኦሬክሲን የሚሠሩት ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ጠፍተው ተገኙ። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ዕድሜ ነው። እንግዲህ ከመታወቁ በፊት ስንቱ ወጣት ሰነፍ እየተባለ እንደተገሠጸ፣ ስንቱስ ተማሪ በክፍል ውስጥ ስላንቀላፋ እንደተቀጣ መገመት አያዳግትም።

መወርወሪያው ይህ ከሆነ፣ በሰዓቱ የሚገፋው ማን ነው? ገፊዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ከንቃት ርዝመት ጋር እየጨመረ የሚሄደው የእንቅልፍ ጫና ነው። የአንጎል ሕዋሳት ለሥራቸው ኃይል ባቃጠሉ ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ነገር ይተርፋል። ይህም ቀኑን ሙሉ ሲጠራቀም ውሎ ቀስቃሾቹን ያዳክማል፤ ሰው ሲተኛም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የቡና ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። በቡና ውስጥ የሚገኘው ካፌይን ቅርጹ ከአዴኖሲን ጋር ስለሚመሳሰል፣ አዴኖሲን በሕዋሳቱ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። አዴኖሲኑ ግን አልጠፋም፤ ከደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ካፌይኑ ሲለቅ የታገደው ድካም በአንድ ጊዜ የሚመጣው ስለዚህ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰው ደም ውስጥ የገባው ካፌይን ግማሹ እስኪወገድ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቦል የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይም ግማሹ ካፌይን አብሮት አለ። ቡናን ለዓለም ያበረከተችው አገራችን በመሆኗ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ እኛ ልናውቀው ይገባል።

ጫትም ሰውን ነቅቶ ያቆያል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን፣ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ከመጠን በላይ እንዲፈስሱ በማድረግ ቀስቃሾቹን ይጋልባቸዋል። የእንቅልፍ ዕዳው ግን በዚያም ሆነ በዚህ አይሠረዝም።

ሁለተኛው ገፊ የአንጎል ሰዓት ነው። ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ በ1729 አንዲትን ቅጠሏን ቀን የምትዘረጋና ሌሊት የምታጥፍ ተክል በጨለማ ውስጥ ቢያኖራት፣ ፀሐይ ሳታይ እንኳ በየሰዓቷ መዘርጋትና ማጠፏን አልተወችም። ሰውም ቢሆን ከዚህች ተክል አይለይም። በ1962 ሚሼል ሲፍር የተባለ የ23 ዓመት ፈረንሳዊ፣ ሰዓትም ሆነ የቀን መቁጠሪያ ሳይዝ በአልፕስ ተራራ ከመሬት በታች ባለ ቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ብቻውን ኖረ። መስከረም 14 ቀን ወጣ ሲባል እርሱ በሐሳቡ ነሐሴ 20 ቀን ላይ ነበር፤ ሃያ አምስት ቀን ከቁጥሩ ጠፍቶበታል። የሚያስገርመው ግን የቀኑ ቁጥር ሲሳሳትበት እንቅልፉና ንቃቱ አለመሳሳታቸው ነው፤ ሁለቱ በአንድነት በ24 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈራረቁ ነበር።

ይህ ሰዓት በሃይፖታላመስ ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት በላይ የሚገኝና 20,000 ያህል ሕዋሳት ያሉት ክፍል መሆኑ በ1972 ታወቀ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አንዳንድ ዘረ መሎች ፕሮቲን ያሠራሉ፤ ፕሮቲኑም ሲበዛ ተመልሶ ዘረ መሎቹን ያስቆማል፤ ሲያልቅ ደግሞ ሥራው እንደገና ይጀመራል። አንዱ ዙር 24 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህን አሠራር በዝንብ ላይ ተመራምረው የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ፣ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሰዓቱ ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚዛነፍ በየቀኑ መስተካከል አለበት። የሚያስተካክለውም ብርሃን ነው። ከዓይን በስተኋላ ለማየት ሳይሆን ብርሃን መኖሩን ለሰዓቱ ለማስታወቅ ብቻ የተመደቡ ሕዋሳት ይገኛሉ። ብርሃን ጨርሶ የማይለዩ ዓይነ ስውራን ብዙዎቹ የእንቅልፍ ሰዓታቸው ከቀን ወደ ቀን እየተንሸራተተ የሚያስቸግራቸው ለዚህ ነው። እኛ የቀኑን ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት ነው፤ የአንጎሉም ሰዓት በዚህ ረገድ ከአገራችን አቆጣጠር ጋር ይስማማል፤ ከሁሉ አብልጦ ወደፊት የሚስበው የጧት ብርሃን ነውና። ሲመሽ ደግሞ ሰዓቱ ፓይኒያል ለተባለችው ዕጢ ትእዛዝ ይሰጣል፤ እርሷም ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን በደም ውስጥ በመልቀቅ መላው አካል ሌሊት መሆኑን እንዲያውቅ ታደርጋለች። የሰውነት ሙቀት እጅግ ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ሌሊት ለሚያሽከረክር ሾፌር ከሁሉ የከፋው ሰዓትም ይኸው ነው፤ የቀኑ የእንቅልፍ ጫናና የሰዓቱ ትእዛዝ በአንድ ላይ ይወርዱበታልና።

በጉርምስና ዕድሜ ላይ ይህ ሰዓት ወደኋላ ይዘገያል። ልጅ ሳለ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይጥለው የነበረው ተማሪ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ሜላቶኒኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይፈስሳል። ስለሆነም ማታ ቶሎ አለመተኛቱና ጧት ለመነሣት መቸገሩ ሁልጊዜ የባሕርይ ጉድለት አይደለም። በዚያው ላይ የእንቅልፍ ፍላጎቱ አልቀነሰም፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። የትምህርት ቤት ደወል ግን ሜላቶኒንን አይጠብቅም። ማታ የሚበራ ደማቅ መብራትና በዓይን ፊት የሚያዝ የስልክ ብርሃን ደግሞ መዘግየቱን ያብሱታል።

በፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና የሚያድር ተማሪ ከዚህ የከፋ ነገር ያጣል። በ1994 ሁለት ተመራማሪዎች ቀን በአንድ ሥፍራ ሲዘዋወሩ በዋሉ አይጦች አንጎል ውስጥ፣ ሲዘዋወሩ አብረው ይሠሩ የነበሩት ሕዋሳት እንስሳቱ ሲተኙ እንደገና አብረው ሲሠሩ አገኟቸው። አንጎል ቀን ያየውን ሌሊት ይደግመዋል ማለት ነው፤ ለማስታወስ የሚጠቅመውም ይኸው ድግምግሞሽ ነው። ያልተኛ ተማሪ ገጹን አንብቦት ይሆናል፤ የሚያጸናው ግን አላገኘም።

እንቅልፍ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪ የተባለ ተማሪና መምህሩ ናትናኤል ክላይትማን፣ በተኙ ሰዎች ላይ ዓይን ከሽፋሽፍቱ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ መኖሩን አስታወቁ። በዚህ ጊዜ የአንጎል ሞገድ የነቃ ሰውን ይመስላል፤ የተቀሰቀሰውም ሰው ብዙውን ጊዜ ሕልም ሲያይ እንደነበር ይናገራል። ከባዱ እንቅልፍና ይህ የሕልም እንቅልፍ በ90 ደቂቃ ገደማ ዙር ይፈራረቃሉ፤ ከባዱ በሌሊቱ መጀመሪያ፣ የሕልሙ ወደ ንጋት ይበዛል። ሊዮን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ይሠራ የነበረው ሚሼል ዡቬ ደግሞ በ1959 በድመቶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በሕልም እንቅልፍ ጊዜ ጡንቻዎች ሁሉ ፈጽመው እንደሚዝሉ አሳየ። ትእዛዙ የሚወጣው ከአንጎል ግንድ ሲሆን፣ የሚተርፉት የዓይንና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ናቸው። ያ የአንጎል ግንድ ክፍል የተጎዳባቸው ድመቶች እንደ ተኙ ተነሥተው የሌለ አይጥ ሲያድኑ ታይተዋል። ሰውም ይህ እሥር ባይኖረው ሕልሙን ሁሉ በአልጋው ላይ በተግባር ይፈጽመው ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ሰው ከሕልም እንቅልፍ ሲነቃ የአእምሮው ንቃት ከጡንቻው ይቀድማል። ዓይኑን ገልጧል፣ ቤቱንም ያውቀዋል፤ እጁን ለማንቀሳቀስ ግን አይችልም፤ ድምፅም አይወጣውም። ደረቱ ላይ አንድ ነገር የተጫነው ይመስለዋል፤ የሕልሙ ርዝራዥም ገና ስላልለቀቀው በጨለማው ውስጥ የቆመ ሰው ሊያይ ይችላል። በአገራችን ይህ ሁኔታ ዱካክ ይባላል፤ በእንቅልፍ ላይ የሚጫን ክፉ መንፈስ ነው ብለው የሚፈሩት አያሌ ናቸው። በሌሎች አገሮችም ሕዝቦች በየቋንቋቸው ተመሳሳይ ስም አውጥተውለታል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ተጫኝ ግን የለም፤ ከአንጎል ግንድ የመጣው የማዛል ትእዛዝ በጥቂት ሰኮንዶች ወይም ደቂቃዎች ዘግይቶ መሻሩ ነው። እንቅልፍ የጎደለውና በጀርባው የተኛ ሰው ይበልጥ ያጋጥመዋል። አጠገቡ የተኛ ወንድም ወይም እኅት ትከሻውን ቢነካው ብዙውን ጊዜ በዚያው ቅጽበት ይለቀዋል።